ቺንጋው ሲጮህ ፓምፑን አትግዙ

«እህቴ፣ የመሪ ፓምፑ ሞቷል። ሌላ ግዢ።»

ይህን ያለኝ መካኒክ ገና ኮፈኑን አልከፈተም ነበር። መሪውን አንዴ ጥግ ድረስ አዞረ፣ ጩኸቱን ሰማ፣ ፈረደ። የመሪ ፓምፕ ዘይት እየገፋ መሪውን የሚያቀለው ዕቃ ነው። በምን እንዳወቀ ስጠይቀው «ባለቤትሽ ይምጣና እናውራ» አለኝ። መኪናው የኔ ነው። ሊብሬው በኔ ስም ነው፣ የምነዳውም የምከፍለውም እኔ ነኝ። አመስግኜ ቁልፌን ተቀበልኩና ወጣሁ።

መኪናዬ የ1994 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። ደብል ካቢን፣ ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ሞተሩ 3ኤል የሚባለው። ከቢሾፍቱ የዶሮ መኖ ጭኜ ደብረ ብርሃን አመጣለሁ፤ አንዳንዴ ጣርማ በርን አልፌ ደብረ ሲና እወርዳለሁ። ዕድሜው ገፍቷል። ግን ይሄን ሞተር የማያውቅ መካኒክ የለም፣ ዕቃውም አይጠፋም። ጣጣውም እዚያው ላይ ነው፤ ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም ቆም ብሎ አያየውም።

ከድምፁ ልጀምር። ሰው «መኪናው ድምፅ አለው» ይላል፣ የምን ድምፅ እንደሆነ ግን አይናገርም። እዚህ ቦታ ላይ የሚሰሙት ድምፆች ደግሞ ጨርሶ አይመሳሰሉም። አንዱ ጆሮ የሚሰነጥቅ ቀጭን ጩኸት ነው። ሞተሩ ገና ሲነሳ ወይም መሪው ጥግ ሲደርስ ይመጣና ይጠፋል። ይሄ የቺንጋ ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ወደ ፓምፑና ወደ ሌሎች ዕቃዎች የሚያደርሰው የላስቲክ ቀበቶ። ሌላው ወፈር ያለ ማቃሰት ነው፤ መሪውን ስታዞሩ ይብሳል፣ ስትለቁት ቀለል ይላል። ይሄ ብዙ ጊዜ ዘይት ያነሰው ወይም አየር የገባበት ፓምፕ ነው። መሪ ተዞረ አልተዞረ ግድ የሌለው፣ ከሞተሩ ዙር ጋር አብሮ የሚጨምር፣ የሚፈጭ ዓይነት ድምፅ ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታ ጠርጥሩ፤ የፑሊ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ባለ ቦይ ክብ ብረት)፣ ባትሪ የሚሞላው የዲናሞ ወይም የውኃ ፓምፕ።

የኔው ቀጭኑ ነበር። ኅዳር ላይ፣ ውርጩ መስታወቱን ሸፍኖት ባደረ ጠዋት፣ ከግቢ ለመውጣት መሪውን ሳዞር ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። በዚያው ቅጽበት መሪው ይከብዳል። ሞተሩ ሲሞቅ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ክብደቱ ግን ሙሉ በሙሉ አይለቅም። የጎረቤቴ ልጅ ቺንጋው ላይ ሳሙና ማሸት ይሻላል አለኝ። አይሻልም። ሳሙና ለአንድ ጠዋት ዝም ያሰኘዋል፣ ከዚያ አቧራ ይሰበስብና ይብሳል። ዘይት የሚረጩበትም አሉ፣ እነሱን እግዜር ይይላቸው።

እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ አንድ ትንሽ ጋራዥ አለ። ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው፣ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። አቡሽ የሚባል ረዳት አላቸው። መኪናውን ሳቆም ጋሼ ምንም አላሉም። ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን አስነሱ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆሙ። ከዚያ አቡሽን «መሪውን አዙርላት» አሉት። ጮኸ። «እሺ፣ አጥፋው።»

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የመሪውን ቺንጋ ማውጣት ነው። ይሄን ልብ በሉ፣ ገንዘብ ያድናል። በዚህ ሞተር ላይ ፋኑን፣ የውኃ ፓምፑንና ዲናሞውን የሚያዞሩት ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቺንጋዎች ናቸው። የመሪው ፓምፕ ግን ለብቻው የራሱ አለው። የመሪውን አውጥቶ ሞተሩን ለትንሽ ጊዜ ማስነሳት ምንም አይጎዳም። ጩኸቱ ከቀጠለ ጥፋቱ ከነዲናሞው በኩል ነው። ከጠፋ ደግሞ ፍለጋው አንድ ቺንጋና እሱ የሚነካቸው ፑሊዎች ላይ ተወሰነ ማለት ነው። የኔው ጠፋ። ጋሼ «ተመስገን በይ» አሉኝ።

ለምን ተመስገን እንዳሉ ገብቶኛል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ለፍሬን የሚሆን ቫኪዩም፣ ማለትም ፔዳሉን የሚያቀልለውን የአየር መሳብ፣ በራሱ አይሰጥም። ቶዮታ ለዚህ ሲል ከዲናሞው ጀርባ ትንሽ ቫኪዩም ፓምፕ ገጥሞበታል። ስለዚህ የዲናሞው ቺንጋዎች ሲበጠሱ የሚቀረው የባትሪ መሙላት ብቻ አይደለም። ውኃው አይዞርም፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፍሬኑም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንጨት ይሆናል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው ቁልቁለት የሚጀምረው ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ነው። መኖ ጭኖ እዚያ ላይ ፍሬን መፈለግን አስቡት። የመሪው ቺንጋ ቢበጠስ ግን መሪው ይከብዳል እንጂ መኪናው ይታዘዛል፤ ክንድ ይፈልጋል፣ ያደርሳል። ስለዚህ ቺንጋ ጮኸ ስትባሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የትኛው?» ብላችሁ ነው።

ጋሼ የወጣውን ቺንጋ ለኔ ሰጡኝ። «ጎኑን እዪው» አሉ። የቪ ቺንጋ፣ ወደ ሆዱ እየጠበበ የሚሄደው፣ የሚይዘው በጎኖቹ ነው። የፑሊው ቦይ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ነው ጉልበት የሚያስተላልፈው፣ ሆዱ የቦዩን ወለል መንካት የለበትም። ወለሉ ከነካ ወይ አልቋል ወይ ከመጀመሪያው ጠባብ ቺንጋ ነው የተገጠመው፤ ቢወጥሩትም ይንሸራተታል። ይሄንን ለማወቅ የቦዩን ወለል በስልክ መብራት ማየት ነው። ወለሉ ካብረቀረቀ ቺንጋው ሲፈትገው ኖሯል። የኔ ፑሊ ወለል ደብዛዛ ነበር፣ ዝገትም ነበረው። ደህና ነው ማለት ነው። የቺንጋው ጎኖች ግን መስታወት መስለው ነበር። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ጥቁር ላስቲክ አልመጣልኝም፣ እርጥብ ነገር ነው የመጣው። ጣቴን አሸተትኩት። ዘይት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቺንጋ ቀይሮ ይሄዳል። ችግሩ ያልቅና ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል፣ ከዚያ «የዘንድሮ ዕቃ» ተብሎ ቺንጋው ይረገማል። ቺንጋ ግን ዘይት አያመነጭም። ከየት መጣ?

አቡሽ ፓምፑን በናፍጣ አጥቦ በጨርቅ አደረቀው። ቺንጋውን መልሰው ገጠሙ፣ ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ሠራ፣ መሪው ጥግና ጥግ ተዞረ። ጥግ ላይ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚያዘው፤ እዚያ ላይ ግፊቱ ጣራ ስለሚነካ ረጅም ጊዜ ይዞ መቆም ፓምፑን ያግለዋል። ሞተሩ ጠፋ። ከፑሊው ጀርባ፣ ዘንጉ ከፓምፑ አካል በሚወጣበት ቦታ፣ አንድ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ፑሊው ሲዞር ያን ጠብታ ወስዶ ቺንጋው ላይ ይበትነዋል። የለቀቀው የዘንጉ «ኦይል ሲል» ነው፤ ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት። መሬት ላይ ምንም ጠብታ የማላየው ለዚህ ነበር።

ኦይል ሲሉ ለምን ለቀቀ? ጋሼ የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፈቱና ፊታቸውን አጨማደዱ። እዚያ ውስጥ መኖር ያለበት ቀዩ ዘይት ነው፣ ኤቲኤፍ፤ በዚያን ዘመን ቶዮታ ለመሪ የሚያዘው ዴክስሮን 2 ወይም 3ን ነው። የኔው ቀለሙ ወደ ቡኒ አድልቶ ደፍርሷል። በሲሪንጅ ቀድተው ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ጨመሩትና መስኮቱ ላይ አቆሙት። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ዘይቱ ለሁለት ተከፍሏል። ከላይ ቀይ፣ ከታች ማር የሚመስል ቢጫ፣ መሃሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር።

የታችኛው የፍሬን ዘይት ነው። ከኤቲኤፍ ይከብዳል፣ አይዋሐደውም፣ ስለዚህ ሲያርፍ ወደ ታች ይወርዳል። የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው፣ ዘይቱ ጎድሎ ሲያየው በእጁ ያለውን ሞልቶበታል። ዘይት ለማስቀየር መኪናዬን የምተውበት ቦታ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አልረገጥኩትም። የመሪው ላስቲኮችና ሲሎች ለማዕድን ዘይት የተሠሩ ናቸው፤ የፍሬን ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ ከዚያ ይለቃሉ። ተቃራኒውም እንደዚያው ነው፤ የፍሬን ማጠራቀሚያ ውስጥ ኤቲኤፍ መጨመር የፍሬኑን ላስቲኮች ይገድላል። ያ ደግሞ ነፍስ የሚያስከፍል ነው። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ምን ያህል ይከብዳል?

«ታዲያ ፓምፑስ?» አልኳቸው።

«ፓምፑ ምን አደረገሽ ልጄ» አሉኝ።

ፈቱት። ውስጡ ያለው ነገር ቀላል ነው፤ አንድ የሚዞር ክብ ብረት፣ ዙሪያው ላይ 10 ስስ ብረቶች ስንጥቆች ውስጥ ገብተው ወጥተው የሚንሸራተቱ። ክቡ ሲዞር ብረቶቹ ወደ ውጭ ይወረወሩና ዘይቱን ገፍተው ይልካሉ። ጋሼ ብረቶቹን አንድ በአንድ አውጥተው ንጹሕ ጋዜጣ ላይ ደረደሯቸው። አንደኛው ጫፋቸው ድቡልቡል ነው፣ ሌላው ቀጥ ያለ። ሲመለሱ ድቡልቡሉ ወደ ውጭ ነው የሚሆነው፤ ብረቶቹ ተገልብጠው የገቡበት ፓምፕ መሪ አያቀልም፣ ከዚያ «ፓምፑ አልተሠራም» ይባላል። የኔዎቹ ጠርዛቸው ንጹሕ ነው፣ የሚሽከረከሩበት ግድግዳም አልተጫረም። «ይሄ ነው የሞተው?» አሉኝና ሳቁ።

ስለዚህ የምገዛው ሲልና ኦሪንግ ያለበት ኪት፣ አንድ ቺንጋ፣ በቂ ኤቲኤፍ። አዲስ አበባ ስወርድ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ገባሁ። ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው የድሮውን ዕቃ ይዞ ይሂድ። የቺንጋው ቁጥር ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ ግን አሮጌው ላይ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የምታገኙት፤ ያኔ አሮጌውንና አዲሱን አንድ ላይ ይዞ ርዝመታቸውን፣ በተለይ ደግሞ ስፋታቸውን ማስተያየት ነው። ሻጩ «ያው ነው፣ ይገባል» ይላችኋል። ይገባል እኮ፣ ጠባብ ቺንጋ የማይገባበት ፑሊ የለም። ባንዶና ሚትሱቦሺ የጃፓን ቺንጋዎች ናቸው፤ ሳጥኑ ላይ ስማቸውን አይቶ ብቻ ከመክፈል ቺንጋው ራሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ጥርት ያለ መሆኑን ማየት ይሻላል። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ እየመታው ተሰቅሎ የከረመውንም አልወስድም፤ ላስቲክ ሳይሠራም ያረጃል። የነዲናሞውን ሁለት ቺንጋዎች የምትቀይሩ ከሆነ አንዱን ብቻ አትቀይሩ፣ አዲሱ አጠር ስለሚል ሸክሙን ሁሉ እሱ ይወስድና ቶሎ ያልቃል። ዋጋውን አልጽፍም፣ ይሄን እስክታነቡት ይለወጣል።

ገጠማው ላይ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ፣ ውጥረቱን። ወጣት መካኒኮች ቺንጋን ዝም እስኪል ይወጥሩታል። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ አይጮህም፣ ግን ኩሽኔታውን ይበላል፣ የፓምፑን ዘንግ ወደ ጎን ይስባል፣ አዲሱን ሲልም ይጨርሳል። በሁለት ፑሊዎች መሃል፣ ረጅሙ ክፍት ቦታ ላይ፣ 10 ኪሎ በሚሆን ግፊት ሲጫኑት 1 ሳንቲሜትር ገደማ ቢረግብ ደህና ነው፤ ልኩን የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ይናገራል። መጽሐፉ ውስጥ ደስ ያለኝ ነገር አለ፤ ለቶዮታ «አዲስ ቺንጋ» ማለት ሞተር ላይ ከ5 ደቂቃ በታች የሠራ ነው። ከዚያ በኋላ አሮጌ ነው፣ የውጥረት ልኩም ሌላ ነው። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ ትንሽ ሠርቶ እንደገና መታየት አለበት። ገጥሞ «በቃ ሂጂ» የሚል መካኒክ ሥራውን ግማሽ ላይ ነው የተወው። ፑሊዎቹንም በጋዝ አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ አዲሱ ቺንጋ የአሮጌውን ዘይት ይወርሳል።

ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ለማውጣት የመመለሻውን ቱቦ ከማጠራቀሚያው ነቅለው ሃይላንድ ውስጥ ከተቱት። ፊቱን በክሪክ አነሱ፣ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከመሬት ለቀቁ። አቡሽ ሞተሩን ሳያስነሳ መሪውን ቀስ እያለ ጥግና ጥግ ያዞራል፣ ጋሼ ከላይ አዲስ ኤቲኤፍ ይጨምራሉ፣ የቆሸሸው ከታች ይወጣል። ጥርት ያለ ቀይ እስኪመጣ። ከዚያ ቱቦው ተመለሰ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ መሪው አሁንም በቀስታ ተዞረ። ዘይቱ አረፋ ከሠራ አየር አለ ማለት ነው፣ ይደገማል። አየሩ ለመውጣቱ ጥሩ ማረጋገጫ አለ፤ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ የዘይቱን ደረጃ ማየት፣ ከዚያ አጥፍቶ እንደገና ማየት። ሲጠፋ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ከፍ ካለ ውስጡ ገና አየር አለ። አረፋው አልጠፋ ካለ ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወርደውን ቱቦ ማሰሪያ እዩ። እዚያ ጋ ፓምፑ ይስባል እንጂ አይገፋም፤ ስለዚህ የላላ ማሰሪያ ዘይት ላያንጠባጥብ ይችላል፣ አየር ግን ያስገባል።

ጩኸቱ ጠፋ። መሪው ቀለለ፣ ግን እኔ የጠበቅኩትን ያህል አልቀለለም። ጋሼ ፊቱ ገና በክሪክ ላይ እያለ ሞተሩን አጥፍተው «አዙሪው» አሉኝ። ጎማዎቹ አየር ላይ ናቸው፣ መሬት አይይዛቸውም። እንደዚያም ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ቆንጠጥ ያደርገኛል፣ ትንሽ አልፎ ይለቃል፣ እንደገና ይቆነጥጣል። እንዲህ ያለ ነገር የዘይትም የፓምፕም አይደለም፣ የብረት ነው። ከመሪው ወደ ታች በሚወርደው ዘንግ ላይ ያለችው ክሮቼራ፣ ዘንጉ የሚታጠፍባት መገጣጠሚያ፣ ደርቃ ነበር። ግራሶና ትዕግሥት ወሰደች። ክሮቼራዋ ደህና ብትሆን ኖሮ ቀጣዩ የፊት ጎማዎቹ የሚታጠፉበት ኩሽኔታ ነበር፤ በዚህ ባለ ባሌስትራ ሃይሉክስ ላይ ጭቃና ውኃ ገብቶበት የሚዝግ ቦታ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጎሚስታ ጋ ጎራ ብሎ የፊት ጎማዎችን ነፋስ ማስለካት። በነጻ ሊባል በሚችል ዋጋ መሪ የሚቀልበት ጊዜ አለ።

በነገራችን ላይ፣ ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት በርቶባችሁ የፊት ቺንጋ ያስቀየራችሁ ካላችሁ፣ መብራቱ ስለዚህኛው ቺንጋ አይደለም የሚያወራው። ታይሚንግ ቤልቱን ነው፤ ከሽፋን ጀርባ ያለውን፣ ከውጭ የማይታየውን፣ ጥርስ ያለውን። መብራቱ ቤልቱን መርምሮ አይደለም የሚበራው፣ 100,000 ኪሎ ሜትር ስለቆጠረ ነው። ያገለገለ መኪና ስትገዙ መብራቱ ጠፍቶ ማየት ቤልቱ ተቀይሯል ማለት አይደለም፤ ቤልቱን ሳይነኩ ቆጣሪውን ብቻ መልሶ ማጥፋት ይቻላል። ያኛው ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ወጪው ከመሪ ፓምፕ ጋር አይወዳደርም።

አሁን ከወንበሩ ኋላ ሦስቱንም ትርፍ ቺንጋዎች ይዤ ነው የምሄደው፣ ከአንድ 12 እና ከአንድ 14 ቁልፍ ጋር። ናፍጣና ዘይት እንዳይነካቸው በንጹሕ ፌስታል ጠቅልያቸዋለሁ። ያቺን የተለያየ ዘይት ያለባትን ሃይላንድ ጋሼ መስኮቱ ላይ ትተዋታል። ደንበኛ ሲመጣ ለማሳየት ነው ይላሉ።